ሰኔ 30 ያልተቆጠረ እህል፦ የኦዲት ሰዎች እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ደሴ ሆኜ በኦዲት ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አንድ አሳይመንት ላይ ተጣብቄያለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው፣ ማሽላና ማሾ የሚነግድ ድርጅት አለ እንበል። ሒሳቡን ሰኔ 30 ይዘጋል። ኦዲተሩ የተሾመው ግን ነሐሴ ላይ ነው፤ የሰኔ 30ውን የክምችት ቆጠራ አላየም። አይኤስኤ 501 (ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ) በሌላ ቀን ቆጥረህ በመሃል ያለውን እንቅስቃሴ ኦዲት አድርግ ይላል። የሰኔ 30ውን ለማግኘት ነሐሴ ላይ በተገኘው ላይ በመሃል የተሸጠውን መደመር፣ የተገዛውን መቀነስ። እስከዚህ ገብቶኛል።

እህል ግን እንደ ብረት አይደለም። ይደርቃል፣ ነቀዝ ይበላዋል። ሳይሸጥም ክብደቱ ይቀንሳል። ታዲያ ልዩነት ሲመጣ ብክነት ይሁን ስርቆት በምን ማስረጃ ልለየው? የገቢና የወጪ ሰነዱን የሚያዘጋጀው መጋዘን ኃላፊው ራሱ ነው። እሱን ብቻ ማመን አይዋጥልኝም። የሚዛን ወረቀትና የሹፌሮች መረከቢያ ይበቃል?

ሌላው ኦዲተሩ የሚሰጠው አስተያየት ነው። በቂ ማስረጃ ከጠፋ ኳሊፋይድ (ከዚህ ጉዳይ በቀር መግለጫው ትክክል ነው የሚል) ወይስ ዲስክሌመር (አስተያየት መስጠት አልችልም የሚል)? ክምችቱ ከድርጅቱ ሀብት ከግማሽ በላይ ነው። ጓደኞቼ "አንድ ሒሳብ ብቻ ስለሆነ ኳሊፋይድ ይበቃል" ይላሉ። አይኤስኤ 705 ግን በአንድ ሒሳብ የታጠረም ቢሆን የመግለጫውን ትልቅ ድርሻ ከያዘ ፐርቬሲቭ (መላ መግለጫውን የሚነካ) ሊባል እንደሚችል ያስረዳል። ስለዚህ ወደ ዲስክሌመር አዘነብላለሁ።

በተለይ የእህል መጋዘን ኦዲት ያደረጋችሁ፣ ብክነቱን በተግባር እንዴት እንደምትገምቱ በእናታችሁ ንገሩኝ።