ለአሮጌ ዴስክቶፕ ቀለል ያለ ማጫወቻ፦ የኔ ጥቆማ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ ኮምፒውተር ቤት ገብታችሁ «ፊልም ማጫወቻ ጫንልኝ» ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚጫንላችሁ ቪኤልሲ ነው። አይከፋም። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያገኘውን ፋይል ሁሉ ይሞክራል። ግማሹ ብቻ የተገለበጠ ፊልም ይሁን የተጫጫረ የሰርግ ዲቪዲ፣ እንደምንም ብሎ ያጫውተዋል። ፓሪስ ውስጥ የተማሪዎች ሥራ ሆኖ ተጀምሮ፣ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው።

ቤታችሁ ያለው ግን 2 ጊጋ ራም ያለው የድሮ ኮር ቱ ዱዮ (የቆየ የኢንቴል ፕሮሰሰር) ከሆነ እኔ ኤምፒሲ-ኤችሲ (MPC-HC) የሚባለውን ማጫወቻ አስቀድማለሁ። መልኩ የዱሮውን የዊንዶውስ ማጫወቻ ይመስላል፤ ውበት የምትፈልጉ ይቅርባችሁ። ቶሎ ይከፈታል፣ ራም አይፈጅም። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ቁጥር 1.7.13 ላይ አቁመዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ተረክቦ እያደሰው ነው። በፍላሽ ሲዞር የኖረውን አሮጌ ቅጂ ትታችሁ ቁጥሩ በ2 የሚጀምረውን ጫኑ። የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው።

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የጫናችሁ ደግሞ ኤምፒቪ (mpv) የሚባለውን ሞክሩ። ዊንዶውስ ላይም አለ። ስክሪኑ ላይ በማውስ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በኪቦርድ ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ዜማ ለሚያጠና ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ጎጃም ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የመምህሩን ድምፅ ቀድታችሁ ከሆነ ግራ ማዕዘን ቅንፉን ([) ስትነኩ ይዘገያል፣ ቀኙን (]) ስትነኩ ይፈጥናል፤ ድምፁ አይወፍርም፣ አይቀጥንም። «ኤል»ን (L) መጀመሪያው ላይ አንዴ፣ መጨረሻው ላይ አንዴ ብትጫኑ ያቺን ቁራጭ እስኪበቃችሁ እየደጋገመ ያሰማችኋል። በገና ለሚለማመድም ያው ነው። ኪቦርዱ ከከበዳችሁ ኤስኤምፕሌየርን ጫኑ። ስክሪኑ ላይ ቁልፎች አሉት፤ ፊልሙን የት ላይ እንዳቆማችሁም ያስታውሳል።

ፖትፕሌየር የሚባለው ሌላው ማጫወቻም ጎበዝ ነው፤ ማስተካከያው ግን ስለበዛ ለጀማሪ አልመክረውም።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚያማርርበት ነገር ላውራ። «ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል» ትላላችሁ። እዚህ ላይ ማጫወቻ መቀያየር ብዙም አያድናችሁም። ፋይሉ ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ዓይነት የተጨመቀ ቪዲዮ ቦታ ይቆጥባል፤ ሲጫወት ግን ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል። ኢንቴል ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ለዚሁ የሚያግዝ ነገር ቺፑ ውስጥ አስገብቷል፤ የቆዩት ማሽኖች ያ የላቸውም። ፊልም ስታስጭኑ «ኤች 264፣ 720» በሉ፤ ኤች 264 የቆየውና ለማሽኑ የሚቀለው ዘዴ ነው፣ 720 የምስሉ መጠን ነው። ስልካችሁም በኤች 265 የሚቀርጽ ከሆነ ካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ኤች 264 መልሱት። የተቀረጸውን መለወጥ ከፈለጋችሁ ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አሮጌ ማሽን ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ስለሚችል ጥሩ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ፈልጉ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን እየሆነ የሚያስቸግራችሁም አላችሁ። ቪኤልሲ ውስጥ የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያውን ክፈቱና ፎንቱን ኒያላ ወይም ኢብሪማ አድርጉት። ከሳጥን ይልቅ ትርጉም የለሽ ምልክት ከመጣ ደግሞ ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ ክፈቱ። ፊደሉ እዚያ በትክክል ከታየ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ እንደገና ሴቭ አድርጉት።

ለዘፈን ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ፉባር 2000 የሚባለው የዘፈን ማጫወቻ ይበቃል።

ስታወርዱ ከየሠሪዎቹ ገጽ ይሁን፤ የቪኤልሲን ስም ለብሰው ሌላ ነገር የሚጭኑ ገጾች አሉ። ከሰው ፍላሽ የመጣ «ፊልም» ስሙ መጨረሻ ላይ ኢኤክስኢ (.exe) የሚል ካለው ፊልም አይደለም፤ ሳትከፍቱ አጥፉት።