የዕቅድ ውይይት፦ «የምንወዳቸው የፊልም ትወናዎች» መርሃ ግብር፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ አመራሩ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ ይኸው። ስድስት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ትወና፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ከየፊልሙ ከ4 እስከ 7 ደቂቃ የሚረዝም አንድ ትዕይንት ተመርጦ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ድምፁ ተዘግቶ። የቀረው ሰዓት ለውይይት ነው። ርዕሱ «የምንወዳቸው ተዋንያን» የነበረው ተቀይሯል፤ የምንመዝነው ሥራውን እንጂ ዝናውን ስላልሆነ። አንቀጽ 3 (የመምረጫ መስፈርት) አሁን የሚለው፦ «የተዋናዩ ሥራ ከቀረጻው፣ ከኤዲቲንጉና ከሙዚቃው ተለይቶ የሚታይበት ትዕይንት።» እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ጻፉ።

ኤዲተር፦
አንቀጽ 3 ሐሳቡ ደግ ነው፤ በምን እንደሚለካ ግን አይናገርም። የሩሲያው ፊልም ሠሪ ኩሌሾቭ የተዋናዩን የሞዥዩኪንን አንድ ዓይነት ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር ሲቀጥለው ተመልካች በየጊዜው ሌላ ስሜት አነበበ ይባላል። ስለዚህ «ፊቱ ብዙ ይናገራል» ብለን የምናደንቀው ነገር አንዳንዴ የመቀስ ሥራ ነው። ሳይቆረጥ ቢያንስ 40 ሰከንድ የሚዘልቅ ቀረጻ የሌለበት ትዕይንት አይግባ እላለሁ።

ተዋናይት፦
በዚህ መስፈርት ፋልኮኔቲ ልትወድቅ ነው? እሷ ዋናዋን የምትጫወትበት የዳይሬክተር ድራየር የ1928ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጆን ኦፍ አርክ ፊልም አብዛኛው አጫጭር ክሎዝ አፕ (ፊትን ቀርቦ የሚያሳይ ቀረጻ) ነው። ያለ ሜካፕ፣ ከንፈሯ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር እየታየ፣ እንባው በታችኛው ሽፋሽፍት ላይ ሲሞላ፣ ሲንቀጠቀጥና ሲወርድ የምናየው በአንድ ቀረጻ ውስጥ ነው። 40 ሰከንድ አይሞላም፤ ግን መቀስ ያመጣው ነገር የለበትም።

የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኦዙ «ሌት ስፕሪንግ» (1949) ላይ ያለው የኖህ (የጃፓን ባህላዊ) ቲያትር ትዕይንትም እንዲሁ። ተዋናይቷ ሴትሱኮ ሃራ ማዶ የተቀመጠችውን ሴት በፈገግታ እጅ ትነሳለች፣ አባቷን ታያለች፣ ፈገግታው ይከስማል፣ እንደገና ሴትየዋን ታያለች፣ አንገቷ ይደፋል። አንድም ቃል አትናገርም። ከመድረኩ ዝማሬ በቀር የሚሰማ የለም። ቀረጻው ወደ መድረኩ፣ ወደ አባትየው፣ ወደ ሴትየዋ ይመላለሳል፤ ላይ ላዩን ሲታይ የኩሌሾቭ ሙከራ ራሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ፊቷ መለወጡ ላይ ነው።

ኤዲተር፦
ተቀብያለሁ። የሰከንዱ ነገር ይውጣና «ለውጡ ራሱ በአንድ ቀረጻ ውስጥ የሚከሰትበት» ይባል። የኩሌሾቭ ፊት እኮ የማይለወጥ ፊት ነው። ይህ አጻጻፍ ሁለቱንም ያስገባል፤ ሙዚቃ ብቻ የተሸከመውን ትዕይንት ግን ያስወጣል።

ቴክኒክ ክፍል፦
አንቀጽ 6 (ማሳያ) አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አይበቃም። ትወናን በማሳያ ስህተት ማበላሸት ቀላል ነው፤ የሚያጋጥሙትን ልጻፍ።

በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ፊልም ወደ 25 ተቀይሮ ሲመጣ 4 በመቶ ይፈጥናል። 100 ደቂቃው በ96 ያልቃል፤ ካልታረመም ድምፁ በትንሹ ይቀጥናል። ስለ ተዋንያኑ ስለ ብራንዶ ወይም ስለ ሆፕኪንስ ድምፅ ልንወያይ ተቀምጠን የነሱ ያልሆነ ድምፅ እንሰማለን ማለት ነው። ለ24 የተዘጋጀ ሰብታይትል በ25ቱ ቅጂ ላይ ሲጫን ደግሞ እየቆየ ይዘገያል፤ 70ኛው ደቂቃ ላይ ወደ 3 ደቂቃ ይደርሳል። መጀመሪያው ልክ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው እንዳንል፤ የምናሳየው ትዕይንት ያለበት ደቂቃ ላይ ይፈተሽ።

በቴሌቪዥን ከታየ እንቅስቃሴ ማለስለሻው ይጥፋ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ፤ መሣሪያው በመሃል የሚፈጥራቸው ፍሬሞች ቅንድብና ከንፈር ላይ ያለውን ትንሽ እንቅስቃሴ ያቀልጡታል። የ1950ዎቹና ከዚያ በፊት ያሉ ብዙ ፊልሞች ለካሬ የቀረበ ምስል ስላላቸው ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይታይ፤ ስክሪን ለመሙላት መለጠጥ ፊትን ያሰፋል። የአምስት ነጥብ አንድ (በስድስት ቻናል የተከፋፈለ) ድምፅ በሁለት ስፒከር ሲወጣም ንግግሩ ያለበት የመሃል ቻናል ይጠፋል ወይም ይደክማል፤ ማጫወቻው ወደ ስቴሪዮ እንዲቀላቅል ይስተካከል።

የፋልኮኔቲ ፊልም ድምፅ አልባ ስለሆነ ፍጥነቱን ወስኑልኝ። በ24 ፍሬም ከሄደ 82 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በ20 ደግሞ 97 ገደማ። የእንባው ፍጥነት አንድ አይሆንም።

ተዋናይት፦
20። በ24 ዓይኗን ስታርገበግብ የተጣደፈች ትመስላለች።

የትርጉም ክፍል፦
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «ድምፁን ዘግቶ መድገም» ለሁሉም አይሠራም። ሆፕኪንስ በ1991ዱ «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ከ118 ደቂቃ ውስጥ የሚታየው ከ25 ደቂቃ ያነሰ ነው፤ የመሪ ተዋናይ ኦስካር አግኝቶበታል። መጀመሪያ ሲገናኙ እስር ቤት ልታነጋግረው የመጣችውን ወጣት ሠልጣኝ መርማሪ ቆሞ፣ ሳይንቀሳቀስ ነው የሚጠብቃት። አካሉ ዝም ስላለ ድምፁ ነው የሚሠራው። ለእንዲህ ያለው ምስሉ ይዘጋና ድምፁ ብቻ ይሰማ።

ሁለተኛ፣ የሴኔጋላዊው ዳይሬክተር የሴምቤን የ1966ቱ «ላ ኗር ደ»። ስክሪኑ ላይ ያለችው ምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ ናት፤ የምንሰማው የውስጥ ንግግር ግን የቶቶ ቢሳንት ድምፅ ነው። የማንን ትወና ነው የምንመዝነው?

ኤዲተር፦
በመስፈርቱ ከሄድን አካሉ የዲዮፕ ነው፤ ወለል ስትጠርግ አካሄዷና ትከሻዋ ሲከብድ ይታያል። ይግባ።

ተዋናይት፦
አንድ ስጋት አለኝ፤ ዝርዝሩ ወደ ጩኸትና ልቅሶ እያዘነበለ ነው። ሰው ሲጠየቅ ቶሎ ትዝ የሚለው እሱ ነው። ማመጣጠኛ እንዲሆን የ1954ቱ «ኦን ዘ ዎተርፍሮንት» ላይ ታዋቂው የታክሲ ትዕይንት ሳይሆን የጓንቱ ትዕይንት ይሁን። ኢቫ ማሪ ሴይንት ጓንቷን ትጥላለች፣ ብራንዶ አንስቶ ያራግፈዋል፣ ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጦ የራሱ እጅ ላይ ያጠልቀዋል። እስካልመለሰላት ልትሄድ አትችልም፤ እሱም ይህን እንደሚያውቅ ምንም አያስታውቅም። ጓንቱ እንዴት ወደቀ የሚለው ወሬ በብዙ መልክ ስለሚነገር ከመግቢያ ጽሑፋችን ይውጣ። የሚታየው ይበቃል።

ጂና ሮውላንድስን ደግሞ 7 ደቂቃ ውስጥ አታስገቡልኝ። የ1974ቱ «ኤ ዉማን አንደር ዘ ኢንፍሉዌንስ» ላይ ባሏ ይዟቸው የመጣውን ሠራተኞች ስፓጌቲ ስታበላና ስማቸውን በየተራ ስትጠይቅ ያለው ትዕይንት ከዚያ ይረዝማል። እንግዳ ተቀባይነቷ ልኩን የሚያልፍበትን ቅጽበት ለይቶ መቁረጥ አይቻልም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው።

ጸሐፊ፦
ከዚያ ምሽት ሁለተኛውን ትወና እናሳጥረው። ቢያትሪስ ስትሬይት በ1976ቱ «ኔትወርክ» የምትታየው ከ5 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ነው፤ በረዳት ተዋናይት ኦስካር ካሸነፉት ሁሉ አጭሩ ነው። ባልየው ሌላ ሴት መውደዱን ሲነግራት ያለው ትዕይንት ለብቻው ይበቃል። ሁለቱ ሚስቶች አብረው መታየታቸውም ለውይይቱ ይጠቅማል።

አንቀጽ 3 እንግዲህ እንዲህ ይነበባል፦ «የገፀ ባሕርይው ለውጥ በአንድ ቀረጻ ውስጥ ሲከሰት የሚታይበት ወይም የሚሰማበት ትዕይንት። ርዝመቱ ከ4 እስከ 7 ደቂቃ፤ ከዚህ ከበለጠ አቅራቢው ምክንያቱን ይጽፋል። ሲደገም ድምፁ ወይም ምስሉ ይዘጋል፤ የትኛው እንደሆነ አቅራቢው አስቀድሞ ይወስናል።»

ሰብሳቢ፦
እግዜር ይስጥልን። አንቀጽ 3 እንዳለ ይለፍ። የቴክኒክ ክፍል የጻፉት ደግሞ አጥሮ አንቀጽ 6 ይሁን። ዲዮፕ ትግባ፤ መግለጫው ላይ የሁለቱም ስም ይጻፍ፣ የማን አካል የማን ድምፅ እንደሆነ ተለይቶ። የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ አንድ ትዕይንት ብቻ ለማሳየትም ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ጸሐፊያችን ለየፊልሙ ባለመብት ደብዳቤ ሲጽፉ የትዕይንቱን መነሻና መድረሻ ደቂቃ፣ የምሽቱን ቀንና የሚጠበቀውን ተመልካች ብዛት ያካትቱ። ፈቃዱ ለሚዘገይ ፊልም ተለዋጭ የሚሆን አንድ አንድ ትወና እስከ ዓርብ ከየክፍሉ ይምጣ።