ከ60 ሜትር ሰዓት የ100፣ የ200 እና የ400 ግምት

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንድ ልጆችን ለአጭር ርቀት እየመለመልን ነው። መም የለንም፤ ያለን 80 ሜትር የሚያስሮጥ የአፈር ሜዳ ነው። 60 ሜትርን በስቶፕዎች 7.4 የገባ ልጅ 100፣ 200 እና 400 ስንት ይገባል እንበል? ደሴ ላይ ከተለኩት ጋርስ ይወዳደራል?

ጦሳ፦
መጀመሪያ 7.4ን አስተካክሉት። ሰዓት ያዡ መነሻው ላይ ምልክቱን ካየ በኋላ ዘግይቶ ይጫናል፤ መጨረሻው ላይ ግን ልጁ ሲመጣ እያየ ስለሆነ አይዘገይም። ስለዚህ 0.24 ጨምሩ፣ 7.64 ይሆናል። በዚህ ዕድሜ 100 ሜትር የ60ው 1.55 እጥፍ ገደማ ነው፤ ወደ 11.8 ይወጣል።

ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 60ውን በ6.31 አልፎ 9.58 ሲገባ እጥፉ 1.52 ነበር። እሱ ከፍተኛ ፍጥነቱን የያዘው ከ60 እስከ 80 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ጀማሪ ልጅ ግን 50 ሳይሞላ ጣሪያው ላይ ደርሶ መቀዝቀዝ ይጀምራል። የቦልትን እጥፍ ለልጅ መስጠት ልጁንም መልማዩንም ያሳስታል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ለ200 የ100ውን ሁለት እጥፍ ያዙና ከ0.3 እስከ 0.8 ጨምሩ። 400ን ግን ከ60 አትገምቱ። የደቡብ አፍሪካው ሯጭ ዌይድ ቫን ኒከርክ ምርጥ ሰዓቱ በ200 19.84፣ በ400 43.03 ነው፤ ከ200ው ሁለት እጥፍ በላይ የጨመረው 3.35 ሰከንድ ብቻ ነው። ያልሠለጠነ ልጅ 5ም 7ም ሊጨምር ይችላል፣ ያንን 60 ሜትር አያሳይም። 300 የሚያስሮጥ ቦታ ፈልጉለት።

ሐረጎ፦
በጦሳ ላይ ልጨምር፤ ከ30 እስከ 60 ያለውን ለብቻው በስልክ ቅረጹ። ስልኩን 45ኛው ሜትር ትይዩ፣ ከሯጩ መስመር 18 ሜትር ርቃችሁ ትከሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት 30 እና 60ን ለማመልከት በሚተከሉት ዘንጎች ላይ ነው። ዘንጉ ከሯጩ መስመር 1 ሜትር ወደ ስልኩ ቀርቦ ልክ 30 እና 60 ላይ ከቆመ፣ ስልኩ የሚያየው 30 ሜትር ሳይሆን 31.76 ሜትር ነው፤ ወደ 0.18 ሰከንድ ይበላችኋል። ሁለቱንም ዘንግ 83 ሳንቲ ሜትር ወደ መሃል አስጠጉ። ደረት ዘንጉን ሲነካ ቁጠሩ፣ እጅ ወይም ጭንቅላት አይደለም። በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ይበቃል። እዚህ ላይ 0.24 አይጨመርም።

3.14 ከወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9.55 ሜትር ነው። ቀሪው 40 ሜትር 4.19 ይፈጃል፣ ከ7.64 ጋር 11.83። መቀዝቀዙን ስታስቡ 11.9 በሉት።

ቦርከና፦
እናመሰግናለን። ሜዳው ትንሽ ቁልቁለት አለው፣ ችግር አለው?

ጦሳ፦
አለው። ለውድድር የሚፈቀደው በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ነው፤ በ60 ሜትር 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ቱቦ ዘርግታችሁ ለኩት። ከበለጠ በሁለቱም አቅጣጫ አስሩጡና አማካዩን ያዙ።

ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ቀጭን አየር አጭር ሩጫን ትንሽ ያፈጥናል፣ ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከእጅ ሰዓት ስህተት ያንሳል፤ አታካክሱት። ደሴ ላይ የሚለወጠው ዕረፍቱ ነው፦ በሁለት 60 መካከል 6 ደቂቃ ከሰጣችሁ እዚያ 8 ስጡ፣ አለዚያ ሁለተኛው ሩጫ የድካም ሰዓት ይሆናል።