ፒሲቪው 17 የሆነ በሬ፤ ተውሳክ ግን አልታየበትም ተባልኩ

ጥያቄ
የወንበርማው አርሶ አደር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው በምዕራብ ጎጃም፣ ወንበርማ ነው። ከሰፈራችን ወረድ ሲባል የአባይ በረሃ ስለሚጀምር በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ በሬዎቻችንን ለቆላው እርሻና ለግጦሽ እናወርዳለን። ዘንድሮ የወረደው ዳለቻ በሬዬ በጥር መጨረሻ ሲመለስ መብላቱን አላቋረጠም፤ ነገር ግን ፀጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ስዳስሰው ሎሚ አክሎ አገኘሁት። ቀንበር ሲጫንበት ሁለት ትልም እንኳ ሳያወጣ ቆሞ ያለከልካል።

ጎረቤቶቼ ገንዲ ነው፣ ያ የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የከብት በሽታ ነው ስላሉኝ ከገበያ አንድ ፓኬት የገንዲ መድኃኒት ገዝቼ ግማሹን ለበሬው፣ ግማሹን አብራው ወርዳ ለነበረች ጊደር ወጋሁ። በሬው ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሆኖ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ወደቀ። ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስጄው ከጆሮው ላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ወሰዱና «ፒሲቪው 17 ነው፤ ተውሳክ ግን አልታየም» ብለው አሰናበቱኝ። ሰው ሁሉ «ዝም ብለህ ድገመው» ይለኛል። ጊደሯም ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንቷ የቡና አተላ መስሏል፣ ጆሮዋም ሲነካ ያቃጥላል። 17 የሚለው ቁጥር ምን ማለት ነው? ተውሳክ ካልታየስ በሬዬን የሚያመነምነው ምንድን ነው? ሌላ በሬ የለኝምና በቅንነት እንድትመክሩኝ እለምናለሁ።


መልስ
የእንስሳት ሐኪም፣ ምሥራቅ ጎጃም፦

ወንድሜ፣ ሁኔታውን በዝርዝር ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሁሉ በፊት ስለ ጊደሯ ልናገር፤ በሬው ቀናት ሊጠብቅ ይችላል፣ እርሷ ግን አትጠብቅም። ቀይ ወይም ቡናማ ሽንት ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው በመዥገር የሚተላለፈው ባቤዝያ ነው፤ ተውሳኩ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ተራብቶ ሴሉን ሲያፈርሰው ቀለሙ በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይወጣል። ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ ትወሰድ፤ ሩቅ ከሆነም ሐኪሙ ወደ እርሷ ይምጣ። በፀሐይና በዳገት አትንዷት። ደሟ ሳይወሰድ ግን ምንም መርፌ አይወጓት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እመለሳለሁ። ፒሲቪ ማለት ከጠቅላላው ደም ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች የያዙት ድርሻ በመቶኛ ሲሆን፣ በጤነኛ የቀንድ ከብት ከ24 እስከ 46 ይሆናል። 17 ማለት በሬዎ ኦክስጅን ለጡንቻው የሚያደርሱለትን ሴሎች ብዙውን ክፍል አጥቷል ማለት ነው፤ ሁለት ትልም ሳያወጣ ያለከለከውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ በበጋ ውኃ የተጠማ ከብት ደሙ ስለሚወፍር ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላልና፣ 17 የተባለው ምናልባት ከዚያም ዝቅ ያለ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ደም ማነሱን እንጂ ደሙን ያሳነሰውን አይናገርም። ገንዲም፣ የጉበት ትልም፣ መዥገርና የመዥገር በሽታዎችም፣ ለረጅም ጊዜ መራብም ፒሲቪን ያወርዳሉ።

«ተውሳክ አልታየም» የሚለውም «ገንዲ የለም» ማለት አይደለም። የገንዲ ተውሳክ የላይ ሽፋኑን እየለዋወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ በደም ውስጥ ቁጥሩ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይመነምናል፤ በሽታው ሲቆይ ደግሞ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ፈጽሞ ላይገኝ ይችላል። እርስዎ ከዚህ ላይ የጨመሩበት ነገር አለ፣ ይቅር ይበሉኝና በግልጽ እነግርዎታለሁ። በገበያ የተለመደው 2.36 ግራሙ ፓኬት ውስጥ 1.05 ግራም ዲሚናዚን የተባለው የገንዲ መድኃኒት አለ፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንዱ ፓኬት የሚበቃው ለ300 ኪሎ ከብት ነው። ዳለቻው ያን ያህል የሚመዝን ከሆነ የሚገባውን ግማሽ ነው ያገኘው። ግማሽ መጠን ደካማውን ተውሳክ ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል፤ የቀረውም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተራብቶ ይመለሳል። በየመንደሩ ፓኬት እየተከፈለ በመወጋቱ መድኃኒቱ የማይነካው ተውሳክ እየተፈጠረ መሆኑ በየቀኑ ያሳስበኛል፤ በእጃችን ያሉት የገንዲ መድኃኒቶች ጥቂቶች ናቸውና።

ሌላም አለ። ዲሚናዚን ገንዲን ብቻ ሳይሆን ባቤዝያንም ያክማል። ስለዚህ ከብቱ በመርፌው ስለተሻለው ብቻ «ገንዲ ነበር» ብሎ መደምደም አይቻልም። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ከአንድ በላይ ከብት ላይ በዚህ ተሳስቻለሁ። መርፌ የተወጋ ከብት ደም ጥፋተኛውን አያሳይም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ደም ይወሰድ፣ ከዚያ መርፌው ይከተል።


መልስ
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦

ዶክተር የጻፉትን እየደገፍኩ በላቦራቶሪ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ «አልታየም» የሚለው ውጤት የሚመጣው ተውሳኩ ስለሌለ ሳይሆን ደሙ በአግባቡ ስላልተወሰደ ወይም ስለቆየ ነው።

ከጆሮ ጫፍ ሥር ደም መውሰዳቸው ትክክል ነው። ከገንዲ ተውሳኮች አንዱ የሆነው ኮንጎለንሴ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከአንገት ትልቅ ሥር ይልቅ ከጆሮ በተወሰደ ደም ይበልጥ ይገኛል። ካፒላሪ ቱቦው ሦስት አራተኛው በደም ተሞልቶ አንዱ ጫፍ በሸክላ ይታሸግና በደቂቃ 12,000 ጊዜ በሚዞር ሴንትሪፊዩጅ ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል። ሲወጣ ደሙ በሦስት ተከፍሎ ይታያል፤ ከታች ቀዩ፣ ከላይ ፕላዝማው፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ቀለበት። የገንዲ ተውሳኮች የሚከማቹት በዚህ ነጭ ቀለበት አካባቢ ነው። ቱቦው ከቀለበቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተቆርጦ፣ ይዘቱ በስላይድ ላይ ፈስሶ በመሸፈኛ መስታወት ተጋርዶ ወዲያው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1977 በመሪና ባልደረቦቹ የተገለጸው ዘዴ ተውሳኩን በሕይወት እያለ ያሳያል። ቪቫክስ የተባለው በዓይን ፊት ሽው ብሎ ከመስኩ ይወጣል፤ ኮንጎለንሴ ቀይ ሴል ላይ ተለጥፎ ባለበት ይንፈራገጣል፤ ብሩሴ ደግሞ እየተጠማዘዘ ከአንድ ቦታ ብዙም አይርቅም። ተውሳኩ በቱቦ ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት፣ ጠዋት የተወሰደ ደም በፀሐይ ውሎ ማታ ቢታይ ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ ደሙ ከተወሰደ ስንት ሰዓት በኋላ እንደታየ ክሊኒኩን መጠየቅ ነውር የለውም።

አብዛኛው ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ ግን ፒሲቪውን ከማንበቤ በፊት የማየው እርሱን ነው። ይኸውም የፕላዝማው ቀለም ነው። ቀላ ካለ ቀይ ሴሎች በሥር ውስጥ እየፈረሱ ነውና ባቤዝያን እጠረጥራለሁ። ድፍርስ ብጫ ከሆነ፣ ሽንቱም ካልቀላ፣ የድዱና የዓይኑ ሽፋን ከቢጫ ጋር የገረጣ ከብት ከሆነ ሌላውን የመዥገር በሽታ፣ አናፕላዝማን፣ አስባለሁ። ሆኖም ለምለም ሣር የበላ ጤነኛ ከብት ፕላዝማው ከሣሩ በሚያገኘው ቀለም የተነሣ በተፈጥሮው ቢጫ ነው፤ የበግ ግን ነጣ ያለ ነው። ይህን ያልለየ ባለሙያ በክረምት ከብቱን ሁሉ በጉበት በሽታ ሊከስስ ይችላል።

ለጊደሯ ደግሞ ቀጭን ስሚር ያስፈልጋል። አንድ ጠብታ ደም በስላይድ ተስቦ በአየር ይደርቃል፣ በሜታኖል ለጥቂት ደቂቃ ይጸናል፣ በ10 በመቶ ጊምሳ ለ30 ደቂቃ ይቀለማል። ባቤዝያ በቀይ ሴል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ አናፕላዝማ ደግሞ በሴሉ ዳር ላይ እንደ ተተከለ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ቀለም ያልነካው ስላይድ በወረቀት ተጠቅልሎ ሊላክ ይችላልና በአቅራቢያው ማይክሮስኮፕ ከሌለ ሐኪሙ ስሚሩን ሠርቶ፣ የደም መርጋትን በሚከለክል ኢዲቲኤ ቱቦ ከተወሰደና በቅዝቃዜ ከተያዘ ደም ጋር ወደ ባሕር ዳር ይላክልን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስሰው ከብት ካጋጠማችሁ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና በፍጹም አትግፈፉት፣ አትክፈቱት። ሐኪም እስኪመጣ ማንም አይንካው።


መልስ
የከብት አርቢ እናት፣ ሜጫ፦

ልጄ፣ ሊቃውንቱ በሚገባ አስረድተውሃልና እኔ በዕድሜዬ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። ወንዙ ሲጎድል፣ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር የበሬውን አፍ ከፍተህ አይተሃል? ከሰባት ዓመት በፊት ወተት የምታጠጣን ላሜ ከቀን ወደ ቀን ነጣች፤ ድዷ የሙት ከንፈር መሰለ። ሁለት ጊዜ መርፌ ተወጋች። በኋላ ልጄ በምራቋ ውስጥ የደም ክር አይቶ ምላሷን ወደ ጎን ሲጎትተው ከሥሩ ጣት የሚያህል አልቅት ተለጥፎ፣ ጠግቦ ተነፍቶ አገኘው። ሌላው ደግሞ አፍንጫዋ ውስጥ ነበር። ውኃ ሳናጠጣት አዋልን፣ ማታ ጥሩ ውኃ በገበቴ ከአፍንጫዋ ሥር ስናደርግላት አልቅቱ ውኃውን ሽቶ ራሱን ሲያወጣ በጨርቅ በተጠቀለለ ጣት ተያዘ። እርጥብ እጅ ይንሸራተታልና ጨርቁን አትርሳ።

በጎችም ካሉህ የዓይናቸውን ሽፋን ገልጠህ ተመልከት። እኛ በዋሸራ በጎቻችን ላይ በክረምት ማግስት የምናየው ነው፤ ሽፋኑ ከቀይ ወደ ነጭ ከዞረ፣ ከመንጋጋቸውም ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ከተንጠለጠለ በሆዳቸው ውስጥ ደም የሚጠጣ ትል አለ፣ ወይም ጉበታቸውን ትል ይዞታል።


የጠያቂው ምላሽ
የወንበርማው አርሶ አደር፦

እናቴ፣ ዶክተር፣ ወንድሜም፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበሬውን ምላስ ሥርና አፍንጫውን ከልጄ ጋር ሆነን በባትሪ አየን፤ አልቅት የለም። ጊደሯ ዘንድ ሐኪም መጥቶ ትኩሳቷን ሲለካ 41.2 ሆነ፤ ደሟን በስላይድ ከወሰደ በኋላ በደረቷ ዙሪያ መለኪያ ሜትር አዙሮ ክብደቷን ገምቶ አከማት። ስላይዱ ባቤዝያ እንደሆነ አረጋገጠ፤ ሽንቷም በሁለተኛው ቀን ጠራ። መዥገሩ በጡቷ መካከልና በጅራቷ ሥር እንደ ተዘራ ጤፍ ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ጀርባዋን ብቻ እያየሁ ነው ለካ የለባትም ስል የኖርኩት።

ዳለቻውን ጠዋት በማለዳ ወስጄው ደሙ ተወስዶ በዚያው ሰዓት ታየ። ባለሙያው ማይክሮስኮፑን እንዳይ ጋበዘኝ፤ በቀይ ሴሎች መካከል አንዲት ቀጭን ነገር አንዱን ሴል ይዛ ስታንቀጠቅጠው በዓይኔ አየሁ። ኮንጎለንሴ ነው አሉኝ። ፒሲቪው 16 ሆኗል። በሜትር ሲገመት ክብደቱ 320 ኪሎ ስለሆነ ከአንድ ፓኬት በላይ አስፈልጎት ሙሉውን መጠን በጡንቻው ውስጥ ጠልቆ ተወጋ። አሁን የምጠይቀው መቼ ልጠምደው እንደምችልና መዳኑን በምን እንደማውቅ ነው።


መልስ
የእንስሳት ሐኪም፣ ምሥራቅ ጎጃም፦

እሰይ! ደም መተካት ጊዜ ይፈልጋልና ድዱ ቀላ ስላለ ብቻ አይጥመዱት። መርፌ ከተወጋ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ደሙ እንደገና ይታይ። ተውሳክ ካልተገኘና ፒሲቪው እየጨመረ ሄዶ ከ24 በላይ ከደረሰ ቀስ እያሉ በቀላል ሥራ ያስጀምሩት። በእነዚህ ቀናት ወደ በረሃው ካልተመለሰና ተውሳኩ በድጋሚ ከታየበት ግን ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ አይወጉት፤ ለክሊኒኩ ይንገሩና በሌላኛው መድኃኒት፣ በአይሶሜታሚዲየም፣ ይታከም። እስከዚያው ድርቆሽ ብቻ ሳይሆን ፋጉሎም ያቅርቡለት፣ ውኃም ከወራጁ ያጠጡት። በ14ኛው ቀን የሚነበበውን ቁጥር እዚሁ ይጻፉልን።