የኢራቅን ጦርነት ከቬትናም ጋር ማነጻጸር፦ ተቃራኒ ወገኖች አንዱን ታሪክ እንዴት ሊጠቅሱ ቻሉ?

መምህር ከባሕር ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቼ በመጪው ወር የሚከራከሩበት ርእስ «የኢራቅን ጦርነት ከቬትናም ጦርነት ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነበርን?» የሚል ነው። ለዝግጅት ሳነብ ያጋጠመኝን ችግር አቅርቤ ምክራችሁን ልጠይቅ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በኤፕሪል 2004 ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ኢራቅ የጆርጅ ቡሽ ቬትናም ሆናለች ብለው ተናገሩ። ፕሬዚዳንት ቡሽም በዚያው ወር በሰጡት ጋዜጣዊ መግለጫ ንጽጽሩ ሐሰት እንደሆነ፣ ለወታደሮቻቸውም ሆነ ለጠላት የተሳሳተ መልእክት እንደሚያስተላልፍ መለሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በኦገስት 2007 ካንሳስ ሲቲ ላይ ለቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር ባደረጉት ንግግር፣ እኚሁ ፕሬዚዳንት ቬትናምን ራሳቸው አነሡ፤ አሜሪካ ከዚያ በመውጣቷ ዋጋውን የከፈሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ንጹሐን ናቸው በማለት ከኢራቅ ጦር መውጣት እንደሌለበት ተከራከሩ።

አንድ ጦርነት «ውጡ» ለሚለውም «አትውጡ» ለሚለውም ማስረጃ ሆኖ ከቀረበ፣ ንጽጽሩ ምን ፋይዳ አለው? ተማሪዎቼ ታሪክን ማንም እንደ ፍላጎቱ ሊጠመዝዘው ይችላል ብለው ደምድመው እንዲወጡ አልፈልግም፤ ሆኖም ያንን ድምዳሜ የሚመልስ ጠንካራ መከራከሪያ ገና አላገኘሁም።

የታሪክ አንባቢ፦

ውድ መምህር፣ ችግሩን በትክክል አይተውታል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ፖለቲከኞች የጠቀሱት አንድ ታሪክ ነው በሚለው አልስማማም። ኬኔዲ በዋናነት ያነሡት አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችበትን መንገድና ከገባች በኋላ መንግሥት ለሕዝቡ የሚናገረው እውነት እየሳሳ መሄዱን ነው። ቡሽ ያነሡት ደግሞ ከወጣች በኋላ የሆነውን ነው። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ የምመክረው፣ ስለ አንድ ጦርነት የሚናገር ሰው ሁሉ ትረካውን ከየት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም አስቀድመው እንዲጠይቁ ነው።

ከአገባቡ እንነሣ። በኦገስት 1964 የአሜሪካ መርከቦች በሰሜን ቬትናም ጠረፍ ባለው በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ሁለት ጊዜ ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብሎ፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 በሆነ ድምፅ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። የመጀመሪያው ጥቃት በእርግጥ ተፈጽሟል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደረሰ የተባለው ሁለተኛው ግን አልነበረም። በኦክቶበር 2002 ደግሞ ምክር ቤቱ 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ በኢራቅ ላይ ኃይል እንዲጠቀሙ ለቡሽ ፈቀደላቸው፤ ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው የነበረው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም ከወረራው በኋላ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለ ቶንኪን ሁለተኛ ጥቃት የቀረበው የስለላ መረጃ እንዴት እንደተዛባ የሚያሳዩ የመንግሥት ሰነዶች ይፋ የሆኑት በ2005፣ ልክ ይህ ክርክር በተጋጋለበት ወቅት መሆኑን ተማሪዎችዎ ሊያውቁት ይገባል። በዚህ በኩል ንጽጽሩ ጠንካራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚነጻጸረው ጫካና በረሃ ሳይሆን የአንድ አገር መንግሥት ውሳኔ የሚያሳልፍበት አሠራር ነውና።

አወጣጡን በተመለከተ ቡሽ የጠቀሷቸው መከራዎች ፈጠራ አይደሉም። በ1975 ኮሚኒስቱ ሰሜን ቬትናም ደቡቡን ከያዘ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች በጀልባ ሲሰደዱ ባሕር ላይ አልቀዋል፤ ብዙዎች «የተሐድሶ ትምህርት» በሚባሉ ካምፖች ታስረዋል፤ በጎረቤት ካምቦዲያ ክሜር ሩዥ በተባለው የኮሚኒስት ቡድን አገዛዝ የደረሰው እልቂትም የታወቀ ነው። ነገር ግን ካምቦዲያን የሚጠቅስ ሰው ትረካውን በ1975 መጀመር አይችልም። አሜሪካ ከ1969 እስከ 1973 ያንን አገር ከአየር ደብድባለች፤ ክሜር ሩዥ ከጥቂት ሸማቂዎች ተነሥቶ ሥልጣን ለመያዝ የበቃውም ጦርነቱ ወደዚያ በተስፋፋባቸው ዓመታት ነው። በጃንዋሪ 1979 ከሥልጣን ያባረረውም የኮሚኒስት ቬትናም ጦር ነበር። ይህ ሁሉ ከንግግሩ ቀርቷል። በሌላ በኩል፣ ጦርነቱን የተቃወሙ ብዙ ጸሐፊዎች ትረካቸውን በኤፕሪል 1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ስትወድቅ ይዘጉታል፤ ለደቡብ ቬትናም መንግሥት ሠርተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አይነግሩንም። ይህም ጉድለት ነው፤ ቡሽ በ2007 የገቡት በዚሁ ክፍተት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ቬትናም ራሷ በንጽጽር የተገባባት ጦርነት ናት። ጆንሰን በጁላይ 1965 ተጨማሪ ጦር እንደሚልኩ ሲያስታውቁ የጠቀሱት በ1938 ሙኒክ ላይ ጦርነትን ለማስቀረት ለሂትለር የተደረገውን ማመቻመች ነበር። ከእሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1950 ኮሪያ ስትወረር ወደ አእምሯቸው የመጡት ቀደም ሲል ወራሪን የሚያስቆም ጠፍቶ የተያዙት ማንቹሪያ፣ ኢትዮጵያና ኦስትሪያ እንደነበሩ በትዝታቸው ጽፈዋል። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራና የመንግሥታቱ ማኅበር ዝምታ በኮሪያው ውሳኔ ውስጥ ድርሻ ነበረው ማለት ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም የቃኘው ሻለቃን በ1951 ወደ ኮሪያ ሲልኩ ምክንያታቸው አንዱ ሲወረር ሌሎቹ በአንድነት ይከላከሉለት የሚለው የጋራ ደኅንነት መርሕ ነበር። ስለሆነም ሕዝብ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ከሚያደርገው ንጽጽር ይልቅ፣ ውሳኔ ሰጪዎች ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በዝግ ስብሰባ የሚያደርጉት ንጽጽር የበለጠ ምርመራ ያስፈልገዋል እላለሁ።

የቀድሞ ወታደር፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስለ ውጊያው ራሱ ምንም አላለም። ጦርነትን ከጦርነት የሚያነጻጽር ሰው ማን ከማን ጋር፣ ለምን እንደተዋጋ ካልጠየቀ የፖለቲከኞችን ንግግር እያነጻጸረ ነው እንጂ ጦርነቶችን አይደለም።

በቬትናም የአሜሪካ ጦር የገጠመው በሰሜን ቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ ባለ አንድ ፓርቲና አንድ የጦር አመራር የሚታዘዝ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና ከባድ መሣሪያ የሚቀርብለት፣ መደበኛ ክፍለ ጦሮች የነበሩት ኃይል ነው። ዓላማውም ግልጽ ነበር፤ አገሪቱን አንድ አድርጎ መግዛት። በኢራቅ ግን ከ2003 በኋላ የነበሩት ተዋጊዎች አንድ አልነበሩም። የሱኒ ሸማቂዎች፣ አልቃኢዳ፣ የሺዓ ሚሊሻዎች ከአሜሪካ ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይዋጉ ነበር፤ በተለይ በፌብሩዋሪ 2006 ለሺዓዎች ቅዱስ የሆነው የሳማራው መስጊድ በፈንጂ ከተመታ በኋላ የባግዳድ ሰፈሮች በሃይማኖት ወገን ተለያዩ።

ይህ ልዩነት ተግባራዊ ውጤት አለው። በቬትናም ፕሬዚዳንት ኒክሰን ውጊያውን ቀስ በቀስ ለደቡብ ቬትናም ጦር አስረክቦ መውጣት የሚል መመሪያ ይከተሉ ነበር። ቡሽም በ2005 ኢራቃውያን በእግራቸው ሲቆሙ እኛ እንወጣለን ብለው ያንኑ መንገድ ያዙ፤ የኒክሰን የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሜልቪን ሌርድም በዚያው ዓመት በጻፉት ጽሑፍ መንገዱን ደገፉ፣ ሳይጎን የወደቀችው ኮንግረስ እርዳታ ስለቀነሰ ነው ሲሉም ተከራከሩ። ይሁን እንጂ አንዱ ማኅበረሰብ ሌላውን በሚፈራበት አገር፣ በአብዛኛው ከአንድ ወገን የተመለመለ ጦርና ፖሊስ ማስታጠቅ ሌላው ወገን እንደ ጠላት ትጥቅ ያየዋል። የቬትናምን መፍትሔ መቅዳት እዚህ እሳቱን ሊያባብስ ይችል ነበር፤ ይህንንም በጊዜው በግልጽ የተናገሩ ነበሩ።

ስለ ወታደሩም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ለቬትናም ወጣቱ በግዳጅ ይመለመል ነበር፤ እኛ ብሔራዊ ውትድርና የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። በ1969 መጀመሪያ እዚያ የነበረው ጦር ከ540 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ የሞቱት አሜሪካውያን ከ58 ሺህ ይበልጣሉ። በኢራቅ የተዋጋው የበጎ ፈቃድ ቅጥር ጦር ነው፤ በ2007 ከፍተኛው ቁጥሩ 170 ሺህ ገደማ፣ የሞተበትም 4,500 የሚጠጋ ነበር። ምልመላው በ1973 በመቆሙ ሸክሙ በጥቂቶች ላይ ወደቀ፤ ያው ወታደር ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለስ ነበር፣ በ2007 ደግሞ የአንዱ ግዳጅ ርዝመት ከ12 ወደ 15 ወር ከፍ አለ። በ1969 ዩኒቨርሲቲዎችን የሞላው ተቃውሞ በ2006 ለምን እንዳልታየ ለሚጠይቁ ተማሪዎች መልሱ በአብዛኛው እዚህ ነው። ጦርነቱ ወደ እያንዳንዱ ቤት አልገባም።

ከቨርጂኒያ፦

የሁለታችሁንም በጥሞና አነበብሁ። እኔ የምኖረው ለዋሽንግተን ቅርብ በሆነ፣ የእኛ ምግብ ቤቶችና የቬትናማውያን ሱቆች ጎን ለጎን በሚገኙበት አካባቢ ነው። በፎልስ ቸርች ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናማውያን የገበያ ማዕከል አለ፤ ከ1975 ጀምሮ መንግሥት የሌላት የደቡብ ቬትናም ባለ ቢጫ ሰንደቅ ዓላማ እስካሁን ይውለበለብበታል። እነዚያ ሰዎች «ሁለቱ ጦርነቶች ይመሳሰላሉ ወይ» ሲባሉ የሚመልሱት ስለ ሴኔት ድምፅ አይደለም። ከአሜሪካ ጋር የሠራ የአገሩ ሰው ምን ይሆናል ብለው ነው የሚጠይቁት። በሕዝባዊው ክርክር ውስጥ በጣም ጥቂት ቦታ ያገኘውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ሳይጎን በወደቀችበት ዓመት አሜሪካ 130 ሺህ ገደማ ስደተኞችን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ የቀጠለው የጀልባ ስደት በማርች 1980 የወጣውን የስደተኞች ሕግ አስከተለ። ከሱዳን ካምፖች የመጡት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የገቡት በዚሁ ሕግ ነው፤ የብዙዎቻችን ወላጆች እዚህ የደረሱት ቬትናማውያን በከፈቱት በር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሕጉ ዋና አቅራቢ ደግሞ መምህሩ የጠቀሷቸው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ነበሩ።

አሁን ይህን ከኢራቅ ጋር ያስተያዩት። በ2007 ከቤቱ የተፈናቀለው ኢራቃዊ ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ያስታውቅ ነበር። አሜሪካ ግን በ2006 የበጀት ዓመት የተቀበለችው የኢራቅ ስደተኛ 202 ሰው ብቻ ነው። የካንሳስ ሲቲው ንግግር የጀልባ ስደተኞችን መከራ ሲያነሣ አስተርጓሚ ሆነው ያገለገሉ ኢራቃውያን በደማስቆና በአማን ወረፋ ይጠብቁ ነበር። በጃንዋሪ 2008 ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ቪዛ የሚፈቅደው ሕግ ወጣ፤ ያቀረቡትም እኚያው ኬኔዲ ናቸው፤ በዚያው የበጀት ዓመት የገቡት የኢራቅ ስደተኞች በጠቅላላ ከ13 ሺህ በላይ ሆኑ። እኔ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም የማልለው በዚህ ምክንያት ነው። የ1975ን ያስታወሱ ሰዎች ስለነበሩ በሕይወት የተረፉ ቤተሰቦች አሉ።

መምህር ከባሕር ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተምሬአለሁ። የክርክሩን ርእስ ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ አገባቡ፣ ውጊያው፣ አወጣጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። በጁን 2014 የኢራቋ ከተማ ሞሱል በአይሲስ ታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ ብዙዎች ቡሽ በ2007 ያሉት ተፈጸመ ብለው ነበር። ይህን የሚያነሣ ተማሪ ቢኖር ምን ልመልስለት?

የታሪክ አንባቢ፦

ክብደት ያለው ክርክር ነውና ተማሪው በደንብ ያንሣው። የአሜሪካ ጦር ከቬትናም እንዲወጣ በ1973 በተፈረመው የፓሪስ ስምምነትና በሳይጎን መውደቅ መካከል ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነበር፤ የመጨረሻው የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ በወጣበት ዲሴምበር 2011ና በሞሱል መካከል ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል። በሁለቱም ቦታ በአሜሪካ ገንዘብ የታነጸው ጦር ባልተጠበቀ ፍጥነት ፈርሷል።

ነገር ግን ጦሩ እስከ 2011 መጨረሻ እንዲወጣ የሚደነግገውን ስምምነት ከኢራቅ መንግሥት ጋር የተፈራረመው በ2008 የቡሽ አስተዳደር ራሱ መሆኑን ያክልበት። ከመውጣቱ በተጨማሪ ጦሩ ከወጣ በኋላ የባግዳድ መንግሥት ሱኒዎችን እንዴት እንደያዘ፣ የሶርያም ጦርነት ድንበሩን እንዴት እንደከፈተ ይመርምር፤ የቀድሞው ወታደር ስለ አንድ ወገን ጦር የጻፉት እዚህ ላይ ይጠቅመዋል። ሌላም ልዩነት አለ። ወደ ሳይጎን ማንም አልተመለሰም፤ ወደ ኢራቅ ግን አሜሪካ በዚያው በ2014 በአየር ኃይልና በአማካሪዎች ተመልሳለች፣ በጁላይ 2017 ሞሱልን ያስለቀቁትም የኢራቅ ወታደሮች ናቸው። የቡሽን ወገን ይዞ የሚከራከረው ተማሪ ለዚህ የቬትናም አቻ ሊያቀርብ ከቻለ ያቅርብ፤ እኔ አላገኘሁለትም።