ሶፋው ላይ ቤዙ ይጠፋል፣ እናቴ ወንበር ላይ ያጓራል፤ ሁለተኛ ሳብዉፈር ልጨምር?

የታቦር ጎረቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ነው። ሳሎኔ 5 በ4 ሜትር፣ የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ነው። ስፒከሮቼ ኬኢኤፍ ኤልኤስ50 ናቸው፤ በጣም ነው የምወዳቸው። ማሲንቆ ስከፍት የፈረስ ጭራው ሲፋተግ ሳይቀር ይሰማል። ግን ትንንሽ ናቸው፤ ከ80 ሄርዝ በታች ወዳለው ወፍራም ድምፅ ሲወርዱ ይደክማሉ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ነው።

ለዚህ ብዬ ባለ 10 ኢንች ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ገዝቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። መሃል ሶፋው ላይ ስቀመጥ ያ ወፍራም ክር ይሳሳብኛል። እናቴ የምትቀመጥበት፣ ከጎን ግድግዳው የተጠጋው ወንበር ላይ ግን ያጓራል። «ልጄ፣ ደረቴን መታኝ» ብላ ተነሳች። ሻጩ «ሁለተኛ ጨምር» ይላል። ልጨምር ወይስ ልሽጠው?

የአዳማው ጆሮ፦
ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው! ችግሩ ክፍሉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ይመላለሳል። ግድግዳው ጋ ይከማቻል፣ መሃል ላይ ይሞታል። ያንተ ክር 41 ነው፤ እዚያው ሰፈር።

ሁለተኛው ይጠቅማል። ግራና ቀኝ እኩል ከተቀመጡ ያንን ምልልስ አንዱ የሌላውን ይሽረዋል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ይሄን ሞክር፦ ሳብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ አውጣው። አንድ የቤዝ መስመር እየደጋገምክ ክፈትና በግድግዳው ዙሪያ በእንብርክክ ሂድ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማህ ቦታ ላይ አስቀምጠው። እኔ ቤት ያገኘሁት ፈጽሞ ያልጠበቅኩት ቦታ ነበር፣ በሩ ጀርባ።

ሐይቅ ዳር፦
ክሮስኦቨሩስ (ድምፁ ከስፒከሮቹ ወደ ሳብዉፈሩ የሚተላለፍበት ሄርዝ) ስንት ላይ ነው? ከፍ ካለ የወንድ ድምፃዊ ጉሮሮ ይወፍራል፣ ቤዙም ከየት እንደሚመጣ ያስታውቃል። ለነዚያ ስፒከሮች ከ80 ጀምር። ፌዙንም (የሳብዉፈሩን ሞገድ ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገጥመውን ማስተካከያ) ሰው 0 እና 180 ዲግሪ እያደረገ ይቀያይርልህ፤ አንተ ሶፋው ላይ ሆነህ ስማ። ቤዙ የሞላበት ትክክለኛው ነው።

የታቦር ጎረቤት፦
120 ላይ ነበር! ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጥሩው ቦታ ከቲቪው ስር፣ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ሆነ። ክሮስኦቨሩን 80፣ ፌዙን 180 አደረግን። እናቴ ጋ ማጓራቱ ስለቀረ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩለት፤ ያ ክር አሁን ሶፋው ላይም አለ። እናቴም ሳትነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሁለተኛውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የቀረኝ ኮርኒሱ ነው፤ አንድ ኖታ ላይ ይንቀጠቀጣል። በምን አስያዛችሁት?

የአዳማው ጆሮ፦
ቺፑድ ከሆነ ምስማሩ ላልቶ ነው። በእጅህ ጫን እያደረግክ የሚንቀጠቀጥበትን ፈልግና እዚያ ላይ በብሎን አስይዘው።