ቶክባክ አማርኛ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል፤ እርዱኝ

የደሴዋ፦ ሰላም ቤቶች። አባቴ በግላኮማ ዓይናቸውን ካጡ 2 ዓመት ሆናቸው። ትንሽ ሱቅ አላቸው። ደንበኛ በቴሌብር ሲከፍል መልእክቱን የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የሚስጥር ቁጥራቸውንም ያውቀዋል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ነገሩ ከነከናቸው። ሳምሰንግ ስልካቸው ላይ ቶክባክ (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነበውን) ከፈትኩላቸው። እንግሊዝኛውን ይለፈልፋል፣ አማርኛው ጋ ሲደርስ ጭጭ! ጭራሽ አሁን ማጥፋቱም አቃተኝ፤ ብነካው ብነካው አይከፈትም።

ነጭ በትር፦ የኔ እህት፣ እኔም ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ ይህንን የምጽፈው በቶክባክ ነው። ለማጥፋት የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን አንድ ላይ 3 ሰከንድ ያህል ተጫኚ። እምቢ ካለ በሴቲንግ ነው። ሲበራ አነካኩ ይለወጣል፦ አንዴ ስትነኪ ያነብልሻል፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትነኪ ይከፍታል፣ ገጹን የምትገፊው በሁለት ጣት ነው።

ጭጭ የሚለው ድምፅ የሚያወጣው ፕሮግራም አማርኛ ስለማያውቅ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለውን አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ጫኚ፤ ሴቲንግ ውስጥ ቴክስት ቱ ስፒች (ጽሑፍን ወደ ድምፅ መቀየሪያው) ገብተሽ እሱን ምረጪና ቋንቋውን አማርኛ አድርጊው። ድምፁ ቆርቆሮ ነው፣ እንዳትደነግጪ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ገና» ሲል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚገባሽ። ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ሞባይል ጠጋኝ፦ የሚስጥር ቁጥሩን ዛሬውኑ ቀይሩት። ሲያስገቡ ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ስልኩ የነኩትን ቁጥር ጮክ ብሎ ሊጠራው ይችላል። በአንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፣ ደንበኛውን መስማት አለባቸዋ። የቴሌብር አፑ ካስቸገራቸው *127# ብለው መደወል ይችላሉ፤ እሱንም ቶክባክ ያነበዋል፣ ግን ሲዘገዩበት ይዘጋል። ደጋግመው ይሞክሩ።

ነጭ በትር፦ ጥሬ ብር ለሚከፍል ደግሞ፦ እኔ 200ውን ሁለት ጊዜ፣ 100ውን አንድ ጊዜ አጥፌ ነው የማስቀምጠው፣ 50ውን ሳላጥፍ። ለዚህ ስልክም አያስፈልግ።

የደሴዋ፦ ተሳካ! አባቴ መጀመሪያ ሲሰሙት «ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» አሉ። ትናንት አመሻሽ ላይ የ85 ብር መልእክት ራሳቸው አዳምጠው «ገብቷል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ደንበኛውን ሸኙት። ቁጥሩም ተቀይሯል፣ እኔም አላውቀውም። የስልኩ ሰውዬ ግን ሲያነብ በጣም ይቸኩላል፤ ፍጥነቱ የት ነው የሚቀነሰው?

ነጭ በትር፦ እዚያው ቴክስት ቱ ስፒች ውስጥ፣ ስፒች ሬት የሚለውን ወደ ግራ ሳቢው። ከወር በኋላ ራሳቸው «አፍጥኝልኝ» ይሉሻል።